ቺየሎን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን መጽሐፍ እናነባለን። ሰሞኑን የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» ጨረስን። በ1958 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ የናይጄሪያን ኢግቦዎች ኑሮ የሚተርከው። ወንዶቹ «ሴቶቹ ምግብ ከማቅረብና ከመመታት ሌላ ምን ሚና አላቸው?» አሉ። እኔ አልተዋጠልኝም።

ቺየሎን እዩዋት። ባሏ የሞተባት የሁለት ልጆች እናት ናት። ገበያ ላይ ከጓደኛዋ ከኤክዌፊ፣ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከኦኮንኮ ሚስት ጋር፣ አንድ ዳስ ይጋራሉ። አንድ ሌሊት ግን አግባላ የሚባለው አምላክ ካህን ሆና መጥታ የጓደኛዋን ልጅ አዝላ ወደ ዋሻው ትሄዳለች። ሰው ሁሉ የሚፈራው ኦኮንኮ «ልጅቷ ተኝታለች፣ ጠዋት ይሁን» ብሎ ለመናት። ዞር ብላም አላየችው።

አያቴ ዱበርቲ፣ ዱዓ የምታደርግ ሴት፣ ነበረች። ቀን ጎመን ስትቀነጥስ ማንም ልብ አይላትም። ሐሙስ ማታ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ እጇን ለዱዓ ስትዘረጋ ግን ቤቱን የሚያንቀጠቅጠው አጎቴ ጫማውን አውልቆ በር ጥግ ይቀመጣል። «አሚን» ሲል ድምፁ ይሰልላል። ይሄን ምን እንበለው? ሚና አይደለም?

ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ በማግስቱስ? መሬት ሲካፈሉ አያትሽን ጠየቋት? እዚያው መጽሐፍ ላይ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ሲዳኝ ሴቶቹ ዳር ቆመው እንደ እንግዳ ነው የሚያዩት። ጉዳዩ ደግሞ የሴት ነው።

የታሪክ መምህር

አንድ ነገር ልጨምር። «አግባላ» የአምላኩ ስም ብቻ አይደለም። ሴት ማለትም ነው፣ ማዕረግ የሌለው ወንድ ደግሞ ይሰደብበታል። የኦኮንኮን ዕድሜ ልክ ፍርሃት የወለደችው ይህች ቃል ናት፤ ልጅ ሳለ አባቱ የተሰደበበት ነው። ዳር ቆመው ያያሉ ለተባለው ደግሞ፣ በ1929 እ.ኤ.አ. እነዚያው የኢግቦ ሴቶች ግብር ሊጣልብን ነው ብለው በሺህ ወጥተዋል። የቅኝ ገዢው ሹመኞች ደጅ ላይ እየዘፈኑ ሹመታቸውን አስጣሏቸው። ከ50 በላይ ሴቶች በጥይት ሞቱ። ልብ ወለዱ የሚያልቀው ከዚያ በፊት ስለሆነ ይሄ አልገባበትም። የናይጄሪያዊቷን ደራሲ የፍሎራ ንዋፓን «ኤፉሩ» የተባለ ልብ ወለድ አንብቡ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ነጋዴዋን ኢግቦ ሴት ከውስጥ ታገኟታላችሁ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ አልዋሽህም፣ አልጠየቋትም። መሬቱን አጎቶቼ ተካፈሉ፣ እሷ ያን ቀን ቡና አፈላች። ጥያቄህን ቅዳሜ ይዤው እገባለሁ። «ኤፉሩ» እጁ ላይ ያለ ሰው ካለ ያውሰኝ፣ ፒያሳ መጥቼ እወስዳለሁ።