ነርስ በታካሚ ፊት ታልቅስ ወይ?

ነርስ፣ ድሬዳዋ
አቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው ሳምንት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ያስታመምናት እናት ሌሊት ላይ አረፈች። ልጇን ኮሪደር ላይ ሳረዳው እንባዬ አመለጠኝ። ጠዋት ማትሮኗ ጠራችኝና «ነርስ ታጽናናለች እንጂ አብራ አታለቅስም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ አልወጣልኝም። ስሜትን መደበቅ የሙያ ግዴታ ነው ወይስ ውሸት? እኔ ውሸት ነው ባይ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ደብቄያለሁ። ቤት ስገባ ባሌ «ምን ሆንሽ?» ይለኛል፣ «ምንም» እላለሁ። ዋርድ ውስጥ መደበቅ የለመደ ሰው ቤቱም ገብቶ ይደብቃል።

ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ከዚራ
ልጄ፣ ማትሮኗ ልክ ናት። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማዋን ሲጠርጋት ሥራ ላይ ነበርኩ። ከ200 በላይ ሰው አልቋል። የምናውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ቆመን ብናለቅስ ኖሮ ቁስሉን ማን ያጥብ ነበር? መርዶ እንኳ ጊዜ አለው እኮ። ሰው በውድቅት አይረዳም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል ይነገራል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ስሜት ስለሌላቸው አይደለም። አንዳንዱን ነገር ሆድ ይፍጀው ማለት ተማሪ።

አስታማሚ የነበረ፣ ገንደ ቆሬ
እኔ ደግሞ ከአልጋው አጠገብ ያየሁትን ልናገር። እናቴ ቀዶ ሕክምና ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት አንዲት ሲስተር እጇን ይዛ ዓይኗ እንባ ሞላ። አዝናላት ነው፣ አውቃለሁ። እናቴ ግን «አበቃልኝ፣ ደብቀውኝ ነው» ብላ ሌሊቱን ቁጭ ብላ አነጋችው። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፣ ዛሬ ደህና ናት። ያቺ ሌሊት ግን እስካሁን ትነሳባታለች። የታመመ ሰው የነርስን ፊት እንደ ላብራቶሪ ውጤት ነው የሚያነበው። እባካችሁ ይህን አትርሱ።

ነርስ፣ ድሬዳዋ
ይሄ ነካኝ። እውነቴን ነው፣ በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም። ግን እትዬ፣ መርዶን ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ልበልሽ። መርዶ ነጋሪው አብሮ ያለቅሳል እኮ! ደረቅ ዓይን ይዞ የመጣውን ነው የምንታዘበው። ጊዜ ይመረጣል እንጂ እንባ አይከለከልም። እኔም ያለቀስኩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ልጁ ደግሞ ትከሻዬን ይዞ «አንቺም ወደድሻት?» አለኝ። እንዴት ብዬ ነው እሱን የጎዳሁት?

ወንድ ነርስ፣ ሳቢያን
እናንተስ ቢያንስ ትከራከራላችሁ። ለእኛ ለወንዶቹ ጥያቄውም አይነሳም። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ የምንል ግልጽ ሰዎች ነን። ስለ ኳስ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጎረቤት ያልተነገረ የለም። «ዛሬ አንድ ሕፃን እጄ ላይ ሞተ» ያለኝ ጓደኛ ግን እስከዛሬ አልገጠመኝም። እኔም ለማንም ብዬ አላውቅም።

የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ሐረር
በእኛ ሙያ ይህ ክርክር የቆየ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፉ አማካሪ በሚረዳው ሰው ፊት እውነተኛ መሆን አለበት ብሏል። ሐሳቡ ግን ብዙ ጊዜ በግማሹ ብቻ ይጠቀሳል። ሮጀርስ ዓላማው ስሜትን ሁሉ ማፍሰስ አይደለም ይላል። ዋናው ነገር ስለ ራስህ ሰውየውን አለማታለልህ ነው። ስሜትህ መንገድ ከዘጋብህ ለራሱ ለሰውየው ወይም ለባልደረባህ፣ ለአለቃህ ልትናገረው ትችላለህ። እኔ የምጨነቀው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ስንቶቻችን የምንነግረው ባልደረባ አለን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣውን መዛል ሲገልጽ ሦስት ምልክት ጠቅሷል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና ውጤታማነት መቀነስ። ሁለተኛውን እኛ «ጠነከረች» ብለን እናሞግሰዋለን። ታካሚውን በአልጋ ቁጥር መጥራት ስትጀምሪ ጠንክረሽ አይደለም፣ እየራቅሽ ነው። ስለዚህ ከማልቀሷ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ስምንት ዓመት «ምንም» ማለቷ ነው።

አስታማሚ የነበረ፣ ገንደ ቆሬ
በዚህ እስማማለሁ። ያቺ ሲስተር ራሷ በማግስቱ «ትናንት ያለቀስኩት እናቴን አስታውሰሽኝ ነው፣ ያንቺ ውጤት ደህና ነው» ብትላት ኖሮ እናቴ ትረጋጋ ነበር። ያጣነው ቃሉን ነው።

ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ከዚራ
ልጆቼ፣ አሁንም የምለው አልተለወጠም። ገና ተስፋ በሚያደርግ ታካሚ ፊት አይለቀስም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከጎርፉ ሁለት ዓመት በኋላ የገዛ እናቴ ሞተች። እንባ አልመጣልኝም። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ለቀስተኛውን «ውሃ ጠጡ፣ ተረጋጉ» እላለሁ። እህቴ «የተረኛ ነርስ መሰልሽ» ብላ ጮኸችብኝ። እስከ ዛሬም አላለቀስኳትም።

ነርስ፣ ድሬዳዋ
እትዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ቡናውን እኔ ይዤ ከዚራ እመጣለሁ። ስለ እናትሽ ትነግሪኛለሽ።

ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ከዚራ
ነይ። ባልሽንም ይዘሽ ነይ።