የአዲሱ ብስክሌት የመጀመሪያ ወቅት፦ ምን ልቀይር፣ ምን ልተው?

ቁልቁለት (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ወቅቱ ተገባዷል፤ የተራራው መንገድ ጭቃ ስለሆነ እስኪደርቅ ድረስ ባንነካው ይሻላል። እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቤ ሒሳብ ማወራረድ ጀመረ፤ አዲሱ ብስክሌት ምን ሰጠኝ? ምንስ ነሳኝ?

ለዓመታት የነዳሁት የኋላ ሾክ (ንጥቂያ የሚያበርድ መታጠፊያ) የሌለው፣ ባለ 26 ኢንች ጎማ ብስክሌት ነበር። አዲሱ ባለ 29 ኢንች ነው፤ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው፣ የሚታጠፈው ሹካ) 150 ሚሊሜትር፣ የኋላው ደግሞ 140 ሚሊሜትር ድረስ ይታጠፋል። የፎርኩ ዝንባሌ ከመሬት ሲለካ 65 ዲግሪ ነው፤ የድሮዬ 70 ገደማ ነበር። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ድንጋያማ ዳገት ላይ የድሮው የኋላ ጎማ እየዘለለ ጉልበቴን ሲበላው፣ ይኼኛው መሬቱን ሳይለቅ ይወጣል። በመሪው ላይ ባለው ቁልፍ ዝቅ የሚለው ኮርቻ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል፤ ድሮ ወርጄ እየገፋሁ የማልፋቸውን ቁልቁለቶች አሁን ሳልወርድ አልፋቸዋለሁ።

ነገር ግን አራት ነገሮች ሲያስጨንቁኝ ከረሙ። አንደኛ፣ ሜዳ ላይ ያለ፣ ጠጠር የበዛበት ኩርባ ላይ የፊት ጎማው ወደ ውጭ ይንሸራተትብኛል። የድሮው ብስክሌት እንዲህ አያደርገኝም ነበር። ሁለተኛ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ እጄ ይደነዝዛል፣ በተለይ ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው። ፎርኩም ከ100 ሚሊሜትር በላይ ታጥፎ አያውቅም። ሦስተኛ፣ ፔዳል ስመታ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከመሀል ይሰማል። አራተኛ፣ የኋላ ጎማው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይተነፍሳል።

ሐሳቤ የተሻለ ፎርክ፣ ጠንካራ ፍሬን ወይም አዲስ የፊት ጎማ መግዛት ነው። ገንዘቤ የሚበቃው ግን ለአንዱ ብቻ ነው። የትኛውን ላስቀድም?

ብሎን ፈቺ፦

ከአራቱ ችግሮችህ አንዱም ገና አዲስ ዕቃ የሚያስገዛ አይደለም። አዲስ ብስክሌት ከሱቅ ሲወጣ ለማንም ሰው ነው የተዘጋጀው፤ ላንተ የሚዘጋጀው አንተ ስታዘጋጀው ነው።

ከፎርኩ እንጀምር። የምትጋልብበትን ልብስ ልበስ፣ ውኃህን ተሸከም፣ አንድ ሰው ብስክሌቱን ይያዝልህ። ፔዳሎቹ ላይ ቁም፣ ልክ ቁልቁለት እንደምትወርድ ጎንበስ በል። በሚያብረቀርቀው የፎርክ ቱቦ ላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ቀለበት ወደ ታች አስጠግተህ ሳትንጠው ውረድና የተጓዘችውን ለካ። ይህ ሳግ የሚባለው፣ በክብደትህ ብቻ የሚታጠፈው መጠን ነው። ፊት ለፊት ከ15 እስከ 20 በመቶ መሆን አለበት፤ ያንተ ፎርክ 150 ስለሆነ ከ22 እስከ 30 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለኋላው ሾክ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይመከራል፤ የምትለካው ግን የራሱ የሾኩ ዘንግ በሚጓዘው ርዝመት ነው እንጂ በ140ው አይደለም።

ቀጥሎ በፎርኩ ግርጌ ያለውን የመመለሻ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ተመልከት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ከሆነ ፎርኩ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ከዚያ ሦስተኛው። እየተቀበረ ይሄድና በስተመጨረሻ እንደ ብረት ይደርቃል። እጅን የሚያደነዝዘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ዝጋው፣ እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ እየቆጠርክ ወደ መሀል መልሰውና ከዚያ ተነስ።

ሳጉ ተስተካክሎ አሁንም ጫፍ የማይደርስ ከሆነ የአየር ክፍሉ ውስጥ መጠኑን የሚያጠብቡ የፕላስቲክ ቁራጮች ይኖራሉ፤ አንዱን አውጣ። አየሩን ሳታስወጣ ክዳኑን እንዳትነካ! ሙሉ ርዝመቱን በየቀኑ መጨረስም የለበትም፤ ከባድ ዝላይ ላይ አልፎ አልፎ ጫፍ ከነካ በቂ ነው።

የፍሬን መያዣዎቹንም አብረህ እይ። በአንድ ጣት ብቻ፣ ከመያዣው ጫፍ ላይ መያዝ አለብህ። ሌሎቹ ጣቶች መሪውን ይጨብጡ። መያዣዎቹ ወደ መሬት በጣም ካዘነበሉ ትንሽ ቀና አድርጋቸው። የሁለቱን ትንንሽ ጣቶች ነርቭ የሚጫነው የመዳፍህ የውጭ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው።

ባለ ዳገት፦

ልጄ፣ ስለ ኩርባው እኔ ልመልስልህ። በዚህ ጨዋታ ጠጉሬ ሸብቷል።

የ70 ዲግሪ ብስክሌት የፊት ጎማውን ከእግርህ ሥር አቅርቦ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር በመሪው ላይ ተገልብጠህ እንዳትወድቅ ወደ ኋላ መሸሽ ግድ ነበር፤ ሁላችንም የተማርነው «ቂጥህን ወደ ኋላ» የሚለውን ነው። ባለ 65 ዲግሪው ደግሞ የፊት ጎማውን አርቆ ወደ ፊት ይልከዋል። እዚያ ላይ አንተ ወደ ኋላ ከሸሸህ ጎማው ላይ ማን ቀረ? ማንም። ክብደት የሌለበት ጎማ ጠጠር ላይ አይነክስም፤ መሪውን ብታዞርም ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይሄዳል። ብስክሌቱ በአዲስ ልክ ተሠርቷል፣ አነዳድህ ግን የድሮው ነው።

ሰፊ ሜዳ ፈልግ፤ ጭቃ ያልሆነ ካገኘህ አሁንም መለማመድ ትችላለህ። ሁለት ድንጋይ አስቀምጥና በመካከላቸው ስምንት ቁጥር እየሠራህ ዙር። ክርንህ ወደ ውጭ ይታጠፍ፣ ደረትህ ወደ መሪው ይውረድ፣ አገጭህ ከመሪው ግንድ በላይ ይሁን። የውጭ እግርህን ወደ ታች ዘርጋና ክብደትህን እዚያ ፔዳል ላይ ጣል፤ ብስክሌቱን ከሰውነትህ በታች አጋድለው እንጂ አብረኸው አትጋደም። ዓይንህ የፊት ጎማው ላይ ከተተከለ ምንም አይሠራም፤ መውጫውን እይ።

ፍሬን ኩርባው ውስጥ አይያዝም፤ ከመግባትህ በፊት ጨርስ። ጎማ መሬት ላይ ያለው ጉልበት አንድ ነው፤ ለማቆም ባጠፋኸው መጠን ለመዞር የሚተርፈው ይቀንሳል።

ነጭ ጫማ፦

ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ ብሎን ፈቺ ግን ግዢን ሁሉ እንደ ኃጢአት ያየዋል። ከብዙ ብስክሌቶች ጋር ከፋብሪካ የሚመጣው ጎማ ዕድሜ እንዲኖረው በጠንካራ ላስቲክ የተሠራ ነው፤ ጠንካራ ላስቲክ ደግሞ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። የፊት ጎማህን የጎን ጥርሶች እያቸው። ግርጌያቸው ላይ መሰንጠቅ ከጀመሩ ወይም ጠርዛቸው ከተሸራረፈ ክርን ብታጥፍም ብትዘረጋም ለውጥ የለውም። ለስላሳ ላስቲክ የፊት ጎማ ላይ፣ ጠንከር ያለው የኋላ ጎማ ላይ፤ ገንዘብ ከሚያባክን ግዢ ሁሉ ይህ ትንሹ ነው።

የጎማህ አየር ስንት ነው? አልነገርከንም።

ብሎን ፈቺ፦

ኃጢአት አላልኩም። ተራውን ይጠብቅ ነው ያልኩት። የአየሩ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ያለ ካላማዳሪ ለሚሠራ ባለ 2.4 ኢንች ጎማ፣ 75 ኪሎ አካባቢ ለሚመዝን ሰው፣ ፊት 22 ኋላ 25 ፒ.ኤስ.አይ. መነሻ ይሆናል። ከዚያ በአንድ በአንድ እየቀነስክ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ እስክትሰማ ሂድና አንድ እርምጃ ተመለስ። በጣት እየተጫኑ መለካት ዋጋ የለውም፤ መለኪያ ያዝ።

ጸጥታ፦

ስሜ እንደሚነግርህ ቋ ቋ የሚል ብስክሌት እንቅልፍ ይነሳኛል። አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፤ ድምፁ ከመሀል መጣ ማለት ምንጩ መሀል ነው ማለት አይደለም። ባዶው የብስክሌት አካል ድምፅን ከጫፍ ወደ ጫፍ ያሻግራል፤ የመሀሉን ኩሽኔታ ቀይረው ድምፁ እዚያው የጠበቃቸው ብዙ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ በማግለል ሥራ። ከኮርቻው ተነስተህ ቆመህ ፔዳል ምታ፤ ድምፁ ከጠፋ ኮርቻው ወይም ዘንጉ ነው። ካልጠፋ ፔዳል ሳትመታ ብስክሌቱ ላይ ቁምና ወደ ታች ተጫን፤ አሁን ከተሰማ የኋላው መታጠፊያ ብሎኖች ወይም የመሪው ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ፔዳሎቹን ፍታ፣ የብሎን ጥርሳቸውን ጠርገህ ግሪስ ቀባና መልስ። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን አትርሳ። ቀጥሎ የኋላ ጎማውን ዘንግ አውጣ፣ ጥረግ፣ ግሪስ ቀባ። ይህ ቀላሉ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋተኛው እሱ ነው።

ብሎን ስታጠብቅ አጠገቡ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ፤ የመሪው ትንንሽ ብሎኖች ላይ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ይላል። ከካርቦን የተሠራ አካል ካለህ ግሪስ አትቀባበት፤ የራሱ ሻካራ ቅባት አለው። ስታጥበውም በኃይል የሚረጭ የውኃ ቱቦ ኩሽኔታዎቹ ላይ አታነጣጥር፤ ግሪሱን አስወጥቶ ውኃ ይተካበታል።

የኋላ ጎማህ ደግሞ የሚተነፍሰው ምናልባት ውስጡ ያለው ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ ስለደረቀ ነው። እንደ ሙቀቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቢቆይ ነው። ጎማውን አውጥተህ ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው፤ ፈሳሽ ሲንቦጫረቅ ካልሰማህ የለም። የቫልቩን እምብርት ፈትተህ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምር። ከዚያም ካላቆመ ቫልቩና የጎማው ጠርዝ ላይ የሳሙና ውኃ ቀባና አረፋ የሚነሳበትን ፈልግ።

ቁልቁለት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ። የፎርኩ ሳግ 17 ሚሊሜትር ነው፤ 11 በመቶ መሆኑ ነው። ቀዩ መቆጣጠሪያም እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ነበር፤ የገጣጠመው ሰው እንደዚያው አስረክቦኛል። አየሩን ቀንሼ ሳጉን 27 አደረስኩት፤ መቆጣጠሪያውንም ከፈት አደረግኩ። በደጅ ደረጃ ላይ ስወርድ ሌላ ፎርክ የተገዛ መስሎኝ ነበር። የእጄን መደንዘዝ ለማወቅ ረጅም ቁልቁለት እስኪደርቅ መጠበቅ አለብኝ።

ድምፁ የኋላው ዘንግ ነበር። ሳወጣው አመዳማ አፈር ለብሶ ነበር፤ ጠርጌ ግሪስ ቀባሁትና ጸጥ አለ። የኋላ ጎማውም ውስጥ ፈሳሽ የለም፤ የቀረው እንደ ላስቲክ ቆዳ የደረቀ ነገር ነው።

ጋሼ፣ ስምንት ቁጥሩን ሞከርኩት። እርስዎ እንዳሉት ደረቴን ዝቅ ሳደርግ ጎማው ይነክሳል፤ ሲደክመኝ ግን ሳላውቀው ቀና እላለሁ፤ ያኔ መንሸራተቱ ይመለሳል።

የፊት ጎማው የጎን ጥርሶች ግርጌ ላይ ግን በእርግጥ መሰንጠቅ ጀምረዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ለጎማ ላውለው ነው። ከዚያ በፊት የማላውቀው ሌላ የሚበላው ነገር አለ?

ባለ ዳገት፦

የሚደክምህ ክንድህ ሳይሆን ወገብህ ነው። ከዳሌህ እጠፍ፤ ጀርባህ ቀጥ ይበል፤ ጉልበትህ በትንሹ ይከፈት። በእጅህ መሪውን ከገፋህ ቶሎ ትዝላለህ። ጥቂት ዙር፣ ከዚያ እረፍት።

ጸጥታ፦

አለ፤ ሰንሰለቱ። ድንጋይና ጭቃ የበላው ሰንሰለት አንድ ወቅት ጨርሶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሰንሰለት 24 ቁራጮቹ ሲለኩ 304.8 ሚሊሜትር ናቸው። ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ከሆነ በ0.5 በመቶ ሲረዝም፣ ማለትም 306.3 አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል። በማስመሪያ አንድ ሚሊሜትር ተኩል መለየት ዓይን ያደክማል፤ የሰንሰለት መለኪያው ርካሽ ስለሆነ እሱን ያዝ። ካለፈህ የኋላ ጥርሶቹን አብሮ ይበላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ከሰንሰለት ብዙ እጥፍ ይወደዳሉ።

የፍሬኑን ሸራም አውጥተህ እይ። ከብረቱ በላይ ያለው ግማሽ ሚሊሜትር ከሆነ ይቀየር። መንኰራኩሩ ወጥቶ ሳለ የፍሬን መያዣውን እንዳትጨብጥ፤ ሸራዎቹ ይጠጋጉና ዲስኩ አልገባ ይልሃል። ፍሬንህ ጠንካራ አይደለም ስትል ደግሞ መያዣው ወደ መሪው የሚጠጋ ከሆነ ውስጡ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ዘይቱን አስለውጥ። የማዕድን ዘይት የሚጠቀመውንና ዶት (DOT) የተጻፈበትን ዘይት የሚጠቀመውን አታቀላቅል፤ ማሸጊያዎቹ ይበላሻሉ።

ፎርኩም የታችኛው እግሩ ዘይት የሚለወጥበት የግልቢያ ሰዓት አለው፤ እንደ አምራቹ 50 ሰዓት የሚሉም፣ 125 የሚሉም አሉ። የአንተን መመሪያ አውጥተህ አንብብ።

ነጭ ጫማ፦

ሰንሰለቱን ከለካህ በኋላ የተረፈህን ለጎማ አውል። ባለ 2.4 ወይም ባለ 2.5 ግዛ፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ፎርኩ የሚፈቅደውን ትልቁን ስፋት መመሪያው ላይ አረጋግጥ። አሁን ያለውን የፊት ጎማ አትጣለው፤ መሀሉ ደህና ከሆነ የኋላውን ሲያልቅ ተካበት። እዚያ ቦታ የጎን ጥርስ ያን ያህል አይጠየቅም።