ቀን መቀየሪያ የተርሚናል ፕሮግራሜ በአንዳንድ ዓመታት ላይ ለምን በአንድ ቀን ይሳሳታል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ዘመዶቼ የውጭ አገር ቅጽ ሲሞሉ የልደት ቀናቸውን በጣት እየቆጠሩ ሲቸገሩ ስለማይ፣ የመጀመሪያ ፕሮግራሜ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የኢትዮጵያን ቀን ተቀብሎ የጎርጎርዮሱን የሚነግር እንዲሆን ወሰንኩ። መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 ብዬ በመነሣት ቀኖቹን እደምራለሁ። ይሁን እንጂ ጥቅምት 3 ቀን 1996ን ስሰጠው ኦክቶበር 13 ቀን 2003 ይለኛል፤ ትክክለኛው ግን ኦክቶበር 14 ነው። በ1997 ስሞክረው አይሳሳትም። ስሕተቱን ለማረም ኢፍ (‘እንዲህ ከሆነ’ የሚል የኮድ ትእዛዝ) በኢፍ ላይ ስደርብ ቆይቼ አሁን የራሴን ኮድ ማንበብ አቅቶኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ 1

ስሕተቱ ከኮድዎ ሳይሆን ከመነሻ ሐሳብዎ የመጣ ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ስለዚህ ተከትሎት የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ በሴፕቴምበር 12 ይጀምራል። 1995 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ የ1996 መስከረም 1 በ12 ዋለ። ይህንንም በሌላ ኢፍ እንዳይጠግኑት አደራ እላለሁ፤ በጎርጎርዮስ 1900 እና 2100 ፌብሩዋሪ 29 ስለሌላቸው ጥገናው እዚያ ሲደርስ እንደገና ይፈርሳል።

የሚሻለው ቀኑን ወደ አንድ ተከታታይ ቁጥር መለወጥ ነው። ዓመቱን በ1 ቀንሰው በ365 ያባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን በመጣል ድርሻውን ይደምሩ፤ ወሩን በ1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ይጨምሩ፤ በመጨረሻም ቀኑንና 2795ን ይደምሩበት። ለጥቅምት 3 ቀን 1996 ውጤቱ 731502 ይሆናል። ይህን ቁጥር ዴትታይም በተባለው የፓይተን ሞጁል (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ውስጥ፣ ዴት ከሚለው ክላስ ሥር ላለው፣ ቁጥርን ወደ ቀን ለሚለውጠው ፍሮምኦርዲናል ሲሰጡት ኦክቶበር 14 ቀን 2003ን ይመልስልዎታል።

መልስ 2

በስሌቱ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ አደረጃጀቱ ነው። ኮድዎ ለማንበብ ያስቸገረው መጠየቅ፣ ማስላትና ማተም በአንድ ላይ ስለተደባለቁ ይመስለኛል። ስሌቱን ሦስት ቁጥር ተቀብሎ ቀን ብቻ የሚመልስ፣ በውስጡ ኢንፑትም (መጠየቂያ) ሆነ ፕሪንት (ማተሚያ) የሌለበት ፋንክሽን (ራሱን የቻለ የኮድ ክፍል) ያድርጉት። እንዲህ ሲሆን ተርሚናሉን ሳይነኩ መልሱን አስቀድመው በሚያውቁት ቀን ሊፈትኑት ይችላሉ፤ ለምሳሌ የ2016 ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2024፣ የ2017ቱ ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነበር። ተጠቃሚው ከፋይሉ ስም ቀጥሎ ቀን፣ ወርና ዓመቱን 3 2 1996 ብሎ እንዲጽፍ ከፈለጉ አርግፓርስ የተባለው ሞጁል ቁጥሮቹን ተቀብሎ፣ የጎደለ ነገር ሲኖር የአጠቃቀም መግለጫውን ራሱ ያሳይልዎታል።

ፍሮምኦርዲናል ቁጥሩ ከትክክለኛ የኢትዮጵያ ቀን መምጣቱን ስለማያውቅ፣ ጳጉሜን 6 ዘመነ ሉቃስ ባልሆነ ዓመት ብትገባ ስሌቱ ዝም ብሎ የመስከረም 1ን መልስ ይሰጣል። ለቅጽ የሚውል ቀን እንዲህ በዝምታ ሲሳሳት ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑም ከ1 እስከ 30 መሆኑን፣ ጳጉሜንም በዓመቱ ከ5 ወይም ከ6 አለማለፏን ከስሌቱ በፊት ያረጋግጡ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኢፎቹን ሁሉ ሰርዤ በተከታታይ ቁጥሩ ስጽፈው ስሌቱ በአንድ መስመር አለቀ፤ ሁለቱም የጥምቀት ቀኖች በትክክል መጡ። አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል፦ እንደ ፫ ያለ የግዕዝ ቁጥር ሲጻፍ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጠው፣ ኢንት የተባለው ፋንክሽን አልቀበልም ይላል።

መልስ 2

ኢንት የሚቀበለው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉ የቦታ ዋጋ ባላቸው አኃዞች የተጻፈውን ነው፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ለአሥርና ለመቶም የየራሱ ምልክት አለው። ዩኒኮድዴታ በተባለው ሞጁል ያለው ኑሜሪክ የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ፣ ለምሳሌ ለ፻ 100ን ይሰጣል፤ ፲፱፻፺፮ን ለማንበብ ግን ከ፻ በፊት ያለውን 19 በመቶ አባዝቶ የቀረውን 96 የሚደምር ሌላ ፋንክሽን መጻፍ ይኖርብዎታል። እሱንም ከቀን ስሌቱ ለይተው ያስቀምጡት።