ለኦባማ የተሰጠው የጥቁሮች ድምፅ የዘር ድምፅ ነበር?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ ትንሽ ያቃጥላል። በ2008 ባራክ ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን ለዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩነት በቅድመ ምርጫ (ፓርቲው ዕጩውን በየግዛቱ በሚመርጥበት ምርጫ) ሲፎካከሩ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን ሳውዝ ካሮላይና ላይ ኦባማ 55 ለ27 አሸነፈ። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ የተጠየቁ ሰዎች በሰጡት መልስ መሠረት፣ ከጥቁር መራጮች 78 ከመቶው የመረጡት እሱን ነው። ከነጮቹ ግን 24 ከመቶው ብቻ። ጥያቄው ይኼ ነው፦ ጥቁሩ መራጭ ቀለም አይቶ ነው የመረጠው? ከሆነስ ምን ችግር አለው? ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ስድብ የለም። የተናደደ ሰው ውሃ ጠጥቶ ይመለስ።

የአሌክሳንድሪያው፦
እኔ ልጀምር። መሸፋፈን አያስፈልግም፣ ቀለም አይተው ነው የመረጡት። ከሳውዝ ካሮላይና በኋላማ ቁጥሩ በብዙ ግዛቶች ወደ 90 ከመቶ ተጠግቷል። እስቲ ገልብጡት። ከነጭ መራጮች 90 ከመቶው ጥቁሩን ትቶ ነጩን ቢመርጥ ምን እንል ነበር? አንዱ ሲያደርገው ኩራት፣ ሌላው ሲያደርገው ዘረኝነት አይሆንም። እኔም ኦባማን መርጫለሁ። ቨርጂኒያ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፤ ገብተህ የዴሞክራቱን ወረቀት መጠየቅ ነው። መልኩ እንዳልሳበኝ አድርጌ አልዋሽም።

የሜሪላንዱ፦
ታድላችሁ። እኛ ጋ ዴሞክራት ብለህ ቀድመህ ካልተመዘገብክ ወረቀቷን አታያትም። ቅድመ ምርጫው የዋለበት ቀን ደግሞ፣ ፌብሩዋሪ 12፣ መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ ዳኛ የምርጫውን ሰዓት በ90 ደቂቃ አራዝሞልናል። ቀጥሉ።

መምህርቷ፦
ወንድሜ፣ ነገሩ መልክ ብቻ ቢሆን ውጤቱ ከዓመት በፊት ይታወቅ ነበር። በ2007 መኸር ላይ በጥቁር ዴሞክራቶች ዘንድ ሂላሪ ትመራ እንደነበር የሚያሳዩ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ነበሩ። ጥቁሩ የኮንግረስ አባል ጆን ሉዊስ፣ በ1965 አላባማ ሴልማ ላይ ለመምረጥ መብት ሲሰለፍ በፖሊስ ዱላ ጭንቅላቱን የተፈነከተው ሰው፣ በኦክቶበር 2007 ድጋፉን የሰጠው ለሂላሪ ነው። ኦባማ ያኔም ጥቁር ነበር። ታዲያ መሃል ላይ ምን መጣ?

የመጀመሪያዋ መራጭ ግዛት አዮዋ መጣች። ጃንዋሪ 3 ቀን 2008። ያኔ ከነዋሪዋ ከ90 ከመቶ በላይ ነጭ ነበር። ካውከስ የሚባለው የአዮዋ የፓርቲ ስብሰባ ደግሞ ያኔ እንደ ሌላው ምርጫ በምስጢር የሚሰጥ ድምፅ አልነበረም። ማታ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ትሰበሰባለህ፣ ጎረቤትህና አለቃህ እያዩህ ወደ ዕጩህ ጥግ ሄደህ ትቆማለህ። ቆጣሪው ጭንቅላት ይቆጥራል። ኦባማ 38፣ ሦስተኛው ተፎካካሪ ጆን ኤድዋርድስ 30፣ ሂላሪ 29 ከመቶ ገደማ አገኙ። ሳውዝ ካሮላይና ያሉት እናቶችና አባቶች ያን ምሽት ያዩት፣ ነጭ ገበሬ ሰው ፊት ቆሞ ጥቁር ሲመርጥ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ነቅለው የወጡት። ሉዊስም በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወደ ኦባማ ዞሯል።

ሌሎቹንም ጥቁር ተወዳዳሪዎች እንቁጠር። ሸርሊ ቺዝም በ1972 ስትወዳደር ከራሷ ወገን የነበሩት ጥቁር ፖለቲከኞች ብዙዎቹ አልደገፏትም። አል ሻርፕተን በ2004 እዚያው ሳውዝ ካሮላይና ላይ ያገኘው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ያሸነፈው ነጩ ጆን ኤድዋርድስ ነበር። ካማላ ሃሪስ በዲሴምበር 2019፣ ኮሪ ቡከር በጃንዋሪ 2020፣ አንድም ድምፅ ሳይሰጥ ከውድድሩ ወጡ። ቀለም ብቻውን ድምፅ የሚያመጣ ከሆነ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?

የአሌክሳንድሪያው፦
ጥቁሩን ተወዳዳሪ ጄሲ ጃክሰንን የት ደበቅሽው? በ1984ም ሆነ በ1988 ዕጩ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው እምብዛም አልነበረም። ጥቁሩ መራጭ ግን በገፍ ወጥቶ መረጠው፤ በ1988 ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ። «ሊያሸንፍ መቻሉን አይተው ነው» የሚለው አባባልሽ እዚህ ጋ ይሰበራል።

መምህርቷ፦
አይሰበርም። ጃክሰን የተወዳደረው ለወንበሩ ብቻ ሳይሆን ለድርድርም ነው። በ1988 ወደ 7 ሚሊዮን ድምፅ ይዞ ነው በዚያ ዓመት የፓርቲው ዕጩ ከሆነው ከዱካኪስ ሰዎች ጋር የተቀመጠው። ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የዴሌጌት፣ ማለትም በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡት ተወካዮች፣ አከፋፈል ነበር። አሸናፊው ጠቅልሎ መውሰዱ ይቅር፣ እንደ ድምፁ መጠን ይከፋፈል አለ። ፓርቲው ተቀበለ። ያኔ ማንም ጋዜጣ ላይ ፈልጎ የሚያነበው ወሬ አልነበረም።

20 ዓመት ቆይቶ ምን ሆነ? ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2008 ሂላሪ ካሊፎርኒያን፣ ኒው ዮርክንና ኒው ጀርሲን አሸነፈች። ጠቅልሎ መውሰድ ቢኖር ኦባማ ያን ማታ አልቆለት ነበር። አዲሱ ደንብ ግን ከኒው ጀርሲ ድሏ የ11 ዴሌጌት ብልጫ ብቻ ሰጣት። በዚያው ቀን ኦባማ ከአይዳሆ ካውከስ የ12 ብልጫ ይዞ ወጣ። አይዳሆ እኮ ጥቁር ሰው ለማየት ቀጠሮ የሚያስፈልግበት አገር ነው! ስለዚህ ለጃክሰን የተሰጠው ድምፅ ባክኗል የምትል ከሆነ፣ የኦባማን ዕጩነት መንገድ የጠረገው ያ ድምፅ ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦
ባክኗል መች አልኩ? የዘር ድምፅ ነበር ነው ያልኩት። ጠቀመ ማለት ዘር አልነበረም ማለት አይደለም።

ነርሷ ከአትላንታ፦
እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሁላችሁም የጥቁሩን ታማኝነት ትመረምራላችሁ። የነጩን ማን ጠየቀ? ሜይ 13 ቀን 2008 ዌስት ቨርጂኒያ ላይ ሂላሪ 67፣ ኦባማ 26። ያኔ እኮ የዴሌጌቱ ሂሳብ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ከመራጮቹ ከአምስቱ አንዱ ገደማ «ዘር በውሳኔዬ ውስጥ ነበረበት» ብሎ ለጠያቂ በግልጽ ተናገረ፤ ከእነሱም ከአሥሩ ስምንቱ የሂላሪ ነበሩ። በልቡ ይዞት የወጣውንስ ማን ይቆጥራል?

መሪዎቹም ነገሩን ያውቁት ነበር። በሳውዝ ካሮላይናው ቀን ቢል ክሊንተን ማንም ስለ ጃክሰን ሳይጠይቀው «ጃክሰን በ84ና በ88 እዚህ አሸንፏል» አለ። መልእክቱ፣ ኦባማም እንደ ጃክሰን የጥቁሮች ዕጩ ብቻ ነው የሚለው፣ ለማንም አልጠፋም። ሂላሪ ራሷ በሜይ፣ ጠንክረው በሚሠሩ ነጭ አሜሪካውያን ዘንድ የኦባማ ድጋፍ እየደከመ ነው ብላ ለጋዜጣ ተናገረች። ይኼ ሲሆን «ስትራቴጂ» ይባላል።

የአሌክሳንድሪያው፦
እህቴ፣ ዌስት ቨርጂኒያ የክሊንተን ቤት ወዳጅ ነው። ቢል በ1992ም በ1996ም አሸንፎበታል። እዚህ ቨርጂኒያ ደግሞ ኦባማ ሲያሸንፍ ከነጮቹም ግማሽ ያህሉ መርጠውታል። ሁሉንም በዘር አታድርጊው።

ነርሷ ከአትላንታ፦
አሁን መጣህልኝ! እንግዲህ ያ ወዳጅነት በ2016 የት ገባ? ያው ዌስት ቨርጂኒያ፣ ያችው ሂላሪ፣ ቅድመ ምርጫውን በነጩ ተፎካካሪዋ በበርኒ ሳንደርስ 51 ለ36 ተሸነፈች። በ2012 ደግሞ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሆኖ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደር፣ ቴክሳስ ውስጥ የፌደራል እስር ቤት ያለ ሰውዬ እዚያ ቅድመ ምርጫ ላይ ስሙ ገብቶ 41 ከመቶ አገኘ። እስረኛ ነው ያልኳችሁ። ግዛቱ የድንጋይ ከሰል አምራች ስለሆነ የከሰል ፖለቲካ አለበት በሉኝ፣ እሺ። ሙሉ በሙሉ ከሰል ነው ካላችሁኝ ግን አልቀበልም።

ጋሽ ዳላስ፦
ልጆች፣ እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። ችግሩ ታማኝነቱ ነው። በየአራት ዓመቱ ከአሥሩ ዘጠኙ ድምፁን ለአንድ ፓርቲ የሚሰጥ ሕዝብ ለምን ብሎ ይለመናል? ደንበኛው ሌላ ሱቅ እንደማይሄድ ያወቀ ነጋዴ ዋጋ አይቀንስም። ለዚህ ነው ባይደን በሜይ 2020 ሬዲዮ ላይ ወጥቶ፣ እኔንና ትራምፕን ለመለየት የምትቸገሩ ከሆነ ጥቁር አይደላችሁም ያለው። በዚያው ቀን ጸጸቱን ገለጸ፣ አውቃለሁ። ግን ከአፉ ያመለጠው የሚያስበው ነው።

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ ንግግሩን እኔም አልወደድኩትም። ግን እዚያው 2020 ላይ ሦስት ወር ወደ ኋላ ይመለሱልኝ። ባይደን አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ወጥቶ ነበር። ጋዜጠኛው ሁሉ ሊቀብረው አካፋ ይዞ ቆሟል። የሳውዝ ካሮላይናው የኮንግረስ አባል ጂም ክላይበርን ራሱ እንደተናገረው፣ ያን ሰሞን አንድ ቤተ ክርስቲያን ለቀብር ሄዶ ሳለ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በጣታቸው ጠሩት። ጎንበስ ሲልላቸው «ማንን ነው የምትመርጠው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁት። እሱም በጆሯቸው ነገራቸው። ይህን መስማት ያስፈልገኝ ነበር፣ ሕዝቡም ካንተ መስማት አለበት አሉት። ፌብሩዋሪ 26 በይፋ ወጥቶ «ጆ ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ዋናው ግን ጆ እኛን ያውቀናል» አለ። ፌብሩዋሪ 29 ባይደን 48 ከመቶ አካባቢ አግኝቶ አሸነፈ፤ ከጥቁሮቹ ደግሞ 61 ከመቶው እሱን መረጡ። በሦስተኛው ቀን ከ14 ግዛቶች 10 ወሰደ።

እንግዲህ እነዚህ ተነዱ የሚባሉት ሰዎች ናቸው የፓርቲውን ዕጩ የወሰኑት። የመረጡትም ነጭ ሽማግሌ ነው። እኔ ስገምት ሂሳባቸው «ነጩ ጎረቤቴ ማንን ይቀበላል? ትራምፕን ማን ይጥልልኛል?» የሚል ነው። ደቡብ ውስጥ ያደገ የ70 ዓመት ሰው የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ ሲወጣ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ለመመዝገብ ሲሄዱ ምን እንደደረሰባቸው ያስታውሳል። እንዲህ ያለ ሰው በድምፁ ቁማር አይጫወትም።

የሜሪላንዱ፦
ወጣቶቹ ግን ይኼ ሂሳብ ሰልችቷቸዋል። በ2016ም በ2020ም ሳንደርስ ከወላጆቻቸው ይልቅ በእነሱ ዘንድ ይሻለው ነበር። የጎረቤትን ልብ እየገመቱ መምረጥ እስከ መቼ?

ጋሽ ዳላስ፦
እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ፍርሃት ታማኝነት ተብሎ ሲጠራ ደስ አይለኝም። ይኼ ነገር እኛ አገር የብሔር ፖለቲካውን...

አወያይ፦
ጋሼ፣ እሱን ለሌላ ቀን። ከጀመርነው እስከ ፋሲካ አንጨርሰውም።

ነርሷ ከአትላንታ፦
እኛን የሚነካው ሌላ አለ። ከምርጫ ጣቢያ በር ላይ ያ ጠያቂ ወረቀት ሲሰጠን «ጥቁር» የሚለው ላይ ነው ምልክት የምናደርገው። ስለዚህ እነዚህ ቁጥሮች ውስጥ እኛም አለን። የኬንያዊ ልጅ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ነው ብሎ የመረጠ ሐበሻ ስንት ነው? የአላባማው ሰው ምክንያት ከኛ ጋር አንድ አይደለም። ሠንጠረዡ ግን አንድ ላይ ይጨፈልቀናል።

የአሌክሳንድሪያው፦
እሱስ ልክ። ግን ዋናው ነጥቤ አልተመለሰም።

መምህርቷ፦
እሺ፣ ቁጥር ልስጥህ። በ2004 ምርጫ የዴሞክራቶቹ ዕጩ፣ ነጩ ጆን ኬሪ፣ ከጥቁር መራጮች 88 ከመቶ አገኘ። በ2008 ኦባማ 95። ቀለም ያመጣው ያቺ ሰባት ናት ብንል እንኳ፣ 88ቱ የፓርቲ ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦
ያ የኖቬምበሩ፣ ፓርቲ ከፓርቲ የሚፎካከርበት ምርጫ ነው። እኛ የምናወራው ስለ ቅድመ ምርጫ ነው። እዚያ ሁለቱም ዴሞክራት ናቸው፤ ፓርቲ አይለያቸውም። የጤና መድን ዕቅዳቸው እንኳ ሁሉም ሰው የግድ ይግዛ በሚለው ላይ ነው የተለያየው፤ እሷ ሁሉም ሰው ስትል እሱ ለልጆች ብቻ አለ። በዚህ ተለያይቶ 90 ከመቶ አንድ ወገን ይሄዳል?

ነርሷ ከአትላንታ፦
ኢራቅን ዘለልካት። በኦክቶበር 2002 ሂላሪ ለቡሽ የጦርነት ፈቃድ እጇን አወጣች። በዚያው ወር ኦባማ ቺካጎ ሰልፍ ላይ ቆሞ ተቃወመ። ጥቁር አሜሪካዊው ያን ጦርነት ከመጀመሪያው አልወደደውም። ልጁ ነው የሚዘምተው።

የአሌክሳንድሪያው፦
ሂላሪ በ2007 መኸር ስትመራ ኢራቅ አልነበረም እንዴ? ያንን ቁጥር ያመጣችሁት እናንተው ናችሁ።

አወያይ፦
መምህርት፣ ኳሷ አንቺ ጋ ናት። ሌሎቻችሁ እስክትመልስ ዝም በሉ።