ፕራስሊን (ሲሼልስ) ላይ ጀልባችን አንድ ቀን ተኩል ይቆማል፣ ምን ብናይ ይሻላል?

ተጓዧ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ ላይ ከማሄ (ከዋናው ደሴት) ተነስተን በካታማራን (ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ ባለው ጀልባ) ነው የምንሄደው እና ፕራስሊን አካባቢ አንድ ሙሉ ቀንና በማግስቱ እስከ ምሳ ድረስ እንቆማለን ተብለናል። ችግሩ ሁሉም የየራሱን ይፈልጋል፣ ጓደኛዬ ኮኮ ደ ሜር የሚባለውን ዛፍ ካላየሁ አልመለስም ትላለች፣ ባለቤቴ አጠገብ ያለችው ደሴት ላ ዲግ ሄዶ ሳይክል መንዳት ነው ሐሳቡ፣ እኔ ደግሞ ግዙፎቹን ኤሊዎች ነው የምፈልገው። ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል ወይስ ሩጫ ብቻ ይሆናል? ሌላው ደግሞ ከጀልባው ወደ መሬት የምንወርደው በዲንጊ (በትንሿ የሞተር ጀልባ) ነው፣ በቃ አሸዋው ላይ ነው የሚያወርዳችሁ አሉን፣ እኔ ዋና ብዙም አልችልም እሱ ነገር ትንሽ አስፈርቶኛል። ጫማስ ምን ይሻላል? የምታውቁ እባካችሁ

ጨው_ውሃ፦
እህቴ ቁርጡን ልንገርሽ ሁሉም አይሆንም፣ ሁለቱን ግን ደህና አድርጋችሁ ታያላችሁ። ሐምሌ ማለት የደቡብ ምስራቁ ንፋስ ወቅት ነው፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ይነፍሳል፣ ስለዚህ የት እንደምታድሩ የሚወስነው የእናንተ ምኞት ሳይሆን ንፋሱ ነው። አንስ ላዚዮ የሚባለው ባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ በኩል ስለሆነ በዚህ ወቅት ይጠለላል፣ ጥር ላይ ብትሄዱ ግን ማዕበሉ ፊት ለፊት ነው የሚመጣበት። እኔ ብሆን መጀመሪያ ቀን ጠዋት ኩሪዩዝ (ከፕራስሊን ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ ደሴት)፣ ከሰዓት ላዚዮ ላይ ዋናና እረፍት፣ በማግስቱ በጠዋቱ ቫሌ ደ ሜ (ፕራስሊን ላይ ያለው የኮኮ ደ ሜር ጫካ)። ባልሽ ላ ዲግን ለሌላ ጊዜ ያቆየው 😄

ኤሊ_ወዳጅ፦
ኩሪዩዝ ላይ ከጨው ውሃ ጋር እስማማለሁ። የምትወርዱት ላሬ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው፣ ሬንጀሮቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) እዛው አሉ የፓርክ መግቢያም ለነሱ ነው የሚከፈለው። ኤሊዎቹ ታጥረው አይደለም፣ እየተንቀዋለሉ ነው የምታገኟቸው፣ ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ይሆናል፣ አንገቱን ስትነኪለት ቀስ ብሎ በአራት እግሩ ብድግ ይልና አንገቱን እንደ ቱቦ ስቦ ዝም ብሎ ይቆማል፣ እጅሽን እስክታነሺ ድረስ ንቅንቅ የለም። ላዩ ላይ መቀመጥ ግን ክልክል ነው፣ ልጆች ካሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከዛ በማንግሮቩ (ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅሉት ዛፎች) መሀል በእንጨት ድልድይ የሚያልፍ መንገድ አለ፣ ወደ ሌላኛው ባሕር ዳር አንስ ሳን ዦዜ ያወጣችኋል፣ ዘና ብላችሁ ብትሄዱ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በጎን በኩል ፈርሶ የምታዩት የድንጋይ ግንብ ድሮ የባሕር ኤሊ ለማርባት የተሠራ ነው፣ የ2004ቱ ሱናሚ ነው የሰበረው። መጨረሻ ላይ የሐኪሙ ቤት የሚሉት አሮጌ ቤት አለ፣ ደሴቷ እስከ 1965 የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መኖሪያ ስለነበረች ነው፣ እኔን ከኤሊዎቹ ይልቅ እሱ ነው ያሳዘነኝም የመሰጠኝም። ስኪፐሩ (የጀልባው ካፒቴን) እናንተ እየተራመዳችሁ ዲንጊውን ወደዛኛው ባሕር ዳር ያምጣላችሁ፣ ያው መንገድ ሁለት ጊዜ መሄድ ምን ያደርጋል

ዲንጊ_ነጂ፦
ስለ ዲንጊው ልመልስልሽ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው ጫካ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። ዋና ቻልሽም አልቻልሽም ላይፍ ጃኬት አድርጊ፣ ማንም አይስቅብሽም። ስልክ ፓስፖርት ምናምን ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ባሕር ዳር ስትደርሱ ሞገዱ አንዴ አልፎ ጋብ ሲል ነው የሚገባው፣ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ያነሳል ያኔ በጎን በኩል ትወርጃለሽ፣ በፊት በኩል ዘለሽ እንዳትወርጂ፣ ከኋላ የመጣ ሞገድ ዲንጊውን ገፍቶ እላይሽ ላይ ነው የሚጥለው። ማዕበሉ ከበዛ ደግሞ ይቅር ማለት ነውር የለውም።

ሁለተኛ ውሃው ሲሞላና ሲሸሽ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠዋት ስኪፐሩን ጠይቁት። እዛ ልዩነቱ ሁለት ሜትር ገደማ የሚደርስበት ቀን አለ፣ ውሃው ሲሸሽ ዲንጊው ኮራል ላይ ይቀራል፣ ሲሞላ ደግሞ ካልታሰረ ጥሏችሁ ይሄዳል። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጨለማ ነው፣ እዛ አመሻሽ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ወደ ጀልባው ተመለሱ

ሳይክሉ፦
ለባልየው ጠበቃ ልቁምለት 😂 ላ ዲግ ከፕራስሊን በፌሪ 15 ደቂቃ ናት እኮ! ጀልባችሁን ሴንት አን (የፕራስሊን ወደብ) ጋ አስራችሁ በፌሪ ሂዱ፣ የላ ዲግ ወደብ ጠባብ ስለሆነ በካታማራን መግባቱ ራሱ ጣጣ ነው። ሳይክል ወደቡ ላይ ይከራያል። ላዚዮ ዝም ብሎ ቆንጆ ባሕር ዳር ነው፣ አንስ ሱርስ ዳርዣን ያሉት ድንጋዮች ግን ሌላ ቦታ አይገኙም። እዛው ላ ዲግ ላይ በምስራቅ በኩል ያለው ግራንድ አንስ ሐምሌ ላይ እንዳትዋኙ ብቻ፣ ውሃው ወደ ውስጥ ይስባል።

ጨው_ውሃ፦
@ሳይክሉ ልክ ነህ ግን ከሰዓቱ በሙሉ በፌሪ ሰዓት ሊታሰር ነው። ከፈለጉ ይከፋፈሉ፣ እሱ ላ ዲግ እነሱ ላዚዮ፣ ማታ ይገናኛሉ

ተጓዧ፦
ኧረ ተባረኩ! መከፋፈሉን ባለቤቴ ወዶታል ሃሃ። ቫሌ ደ ሜስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የኮኮ ደ ሜር ፍሬ ገዝቶ መውሰድስ ይቻላል? እባብ ነገር አለ?

ዘንባባ፦
ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ከሴንት አን ወደ ግራንድ አንስ (የፕራስሊኑ እንጂ የላ ዲጉ አይደለም) የሚሄደው ባስ በሩ ላይ ያወርዳችኋል። ጠዋት ሂዱ፣ ጥቁሩን በቀቀን የመስማት ዕድላችሁ ያኔ ነው የሚሻለው። ከ1983 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፣ ካርቱም ላይ የሞተው ጄኔራል ጎርደን በ1881 መጥቶ ኤደን ገነት ይሄ ነው ብሎ ነበር፣ እኔ እስከዛ አልሄድም ግን ቅጠሎቹ ከላይ ሲንኳኩ የሚያሰሙት ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። ዛፉ በተፈጥሮ የሚበቅለው ፕራስሊንና ኩሪዩዝ ላይ ብቻ ነው፣ ፍሬው ለመብሰል 6 እና 7 ዓመት ይፈጅበታል፣ ከዓለም ትልቁ ዘር እሱ ነው፣ 20 ኪሎ ያልፋል አንዳንዱ። መግዛት ይቻላል ግን ፈቃድ ያለው ሻጭ ጋ፣ የመንግሥት ምልክትና ወረቀት ያለው ይሁን፣ አለዚያ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል፣ ከመሬት ማንሳትማ ጭራሽ አይታሰብም።

እባብ አለ ግን የሚጎዳ አይደለም። መንገድ ላይ ድር የሚያደሩ ትልልቅ ሸረሪቶች ታያላችሁ፣ ያስደነግጣሉ እንጂ ምንም አያደርጉም። ጫማ፦ ለጫካው ስኒከር፣ ለባሕሩ ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ። በባዶ እግር ኮራልና ድንጋይ አካባቢ እንዳትገቡ፣ ድንጋይ የሚመስል መርዛም ዓሣ አለ፣ ከወጋ እግርን የሚቻለውን ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቶሎ ወደ ሕክምና ነው

ዲንጊ_ነጂ፦
አንድ የረሳሁት፣ ከጀልባ ስትወርጂ መሬቱ የሚወዛወዝ ከመሰለሽ አትደንግጪ፣ ታመምሽ ማለት አይደለም ቆይቶ ይለቃል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ጥላ ስር ተቀምጣችሁ ውሃ ጠጡ። ከኮኮናት ዛፍ ስር ግን አይሁን

ተጓዧ፦
ለምን? ፍሬው ይወድቃል?

ዲንጊ_ነጂ፦
አዎ፣ ሳያስጠነቅቅ