በ43 ዓመቴ ትልቅ የኦዲት ድርጅት ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አዳማ
ሰላም ቤተሰብ። አዳማ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ነኝ። አዲስ አበባ ያለ ዓለም አቀፍ የኦዲትና የማማከር ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው፤ ከእነ ዴሎይትና ፒደብሊውሲ ተርታ የሚቆጠር። ደረጃው ግን «ሲኒየር አሶሲዬት» ነው፤ ከማናጀር በታች ያለ ማለት ነው። አለቃዬ የምትሆነው ልጅ ሠላሳም የሞላት አትመስልም። ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፉን የሒሳብ ባለሙያነት ፈተና) ጀምሬ አልጨረስኩም። ባለቤቴም ልጆቼም እዚሁ ናቸው። ከአዳማ እየተመላለስኩ ይሆናል? እስቲ የገባችሁበት ንገሩኝ።

ገብቼ የወጣሁ
እህቴ፣ ዕድሜውን እርሺው። የሚከብደው ሪቪው ኖት፣ አለቃ ሥራሽን አይታ የምትጽፍልሽ አስተያየት ነው። የባንክ ማስታረቂያ ሠርተሽ ፋይል ታደርጊያለሽ። ማታ ስትከፍቺው ጎኑ ላይ «ይህ ቼክ ሁለት ወር ሙሉ ለምን አልተመነዘረም? ማስረጃው የታለ?» የሚል ታገኛለሽ። የጻፈችው ያቺው ልጅ ናት። አንቺ ደግሞ ይህን ስታጸድቂ የኖርሽ ሰው ነሽ። መልሱ «እሺ፣ አስተካክላለሁ» ነው፣ በቃ። ያለ ኩርፊያ ከቻልሽው ልጆቹ አንቺን ፍለጋ ይመጣሉ፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንዴት እንደሚጎድል ከየት ያውቁታል?

ፍራንኮ ሰፈር
ምልልሱን ተይው። ፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱስ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው አዲስ አበባ መግቢያው ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ከደረስሽ በኋላ ነው። ደግሞ የብዙው ደንበኛ ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የ«ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ማምሸት ነው። በዚያ ዝናብ ሌሊት ወደ አዳማ? ከሰኞ እስከ ዓርብ የምታድሪበት ፈልጊ። ደግነቱ ልጆቹ ያኔ ትምህርት የላቸውም፣ ይዘሻቸው መሄድም ትችያለሽ።

አልመክርም
ደመወዙ እጥፍ ካልሆነ አትነቃነቂ። የአዲስ አበባ ኪራይ ይበላዋል።

ውል አንባቢ
ውሉ ሳይፈረም መልቀቂያ እንዳታስገቢ! በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ግን የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ከተስማማችሁ ብቻ ነው፤ «ከልምዴ አንጻር ይቅርልኝ» በያቸው፣ መጠየቅ አያስነውርም። ለፋብሪካው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። ደረጃውን ከፍ ካላደረጉልሽ የኤሲሲኤ ክፍያና የፈተና ፈቃድ ውሉ ላይ ይስፈር። ኤሲሲኤ የሚፈልገው የ36 ወር የሥራ ልምድም አለ፤ የፋብሪካው ሥራሽ ሊቆጠርልሽ ስለሚችል ሳትለቂ አለቃሽን አስፈርሚ።

የሁለት ልጆች እናት፣ አዳማ
ተባረኩ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ የባንክ አክሲዮን አለን፤ የኔም የባለቤቴም። ማታ ማታ የሱቆች ሒሳብም እሠራለሁ።

ገብቼ የወጣሁ
ውይ፣ ይሄ ዋናው ነው! ስትገቢ ሁሉንም ታሳውቂያለሽ። ኦዲተር ገለልተኛ መሆን ስላለበት አክሲዮን ያለሽን ባንክ ኦዲት ማድረግ አትችዪም። ወይ ትሸጪዋለሽ፣ ወይ እዚያ ሥራ ላይ አይመድቡሽም። በባልሽ ስም ያለውም እንዳንቺው ይቆጠራል። ያሁኑ ፋብሪካሽን ኦዲት እንድታደርጊ ቢመድቡሽም «እዚያ ነበርኩ» ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ሱቆቹን ግን ካሁኑ ለሌላ ሰው አስረክቢ።