ቡና ጠርቼ ድስት እንዴት ልሽጥ?

ሰላም እህቶቼ፣ እባካችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ፕሬዠር ኩከርና ምግብ የማይዝበት መጥበሻ ተረክቤ መሸጥ ጀምሬአለሁ። ለመጪው ቅዳሜ የዕቁብ ጓደኞቼንና ጎረቤቶቼን ቤቴ ጠርቼ፣ እያበሰልኩ ላሳያቸው አስቤአለሁ።

ዕቃው ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ጥራጥሬና ሥጋ ቶሎ አይበስልም። ፕሬዠሩ ግን እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። ሽምብራ ዘፍዝፌ አድሬ ፊታቸው ልቀቅል ነው። መብራት ከጠፋም ከሰል አለኝ።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። እኛ ጋ እንግዳ ጠርቶ፣ አብልቶ፣ ከዚያ "ግዙኝ" ማለት በጣም ይከብዳል። ይሉኝታ ይይዛል። እነሱም አፍረው የማይፈልጉትን እንዲገዙ አልሻም። ሽያጭ መኖሩን ስጠራቸው ልንገራቸው ወይስ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ላንሳው? ዋጋውን በአፌ ልናገር ወይስ ወረቀት ላይ ልጻፈው? በየወሩ እየከፈላችሁ ውሰዱ ብልስ፣ ኋላ ከጎረቤት አያቀያይመኝም?

የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ወሬውን በምን ቃል እንደጀመራችሁት ጻፉልኝ። ትልቅ ውለታ ነው።